ወለል የሌለው ቁልቁለት

ወንድሜን የሥራ ባልደረቦቹ «ወረድ ወረድ» ይሉታል። አሳንሰር ጠጋኝ ነው። አሳንሰሩ ጣራ ላይ ቆሞ፣ ባትሪውን ግንባሩ ላይ አስሮ፣ ቁልፉን ለያዘው ባልደረባው «ወረድ… ወረድ… ትንሽ ወረድ… ቁም!» ሲል ሃያ ሁለት ዓመት ሞላው። ትክክለኛ ስሙን የሚያውቀው መታወቂያው ብቻ ነው። እኔ ታናሽ እህቱ ስለሆንኩ ወንድም ጋሼ እለዋለሁ። ሲያናድደኝ ግን እኔም «ወረድ ወረድ» ነው የምለው፤ እኔን ለማናደድ ደግሞ ብዙ መልፋት አያስፈልግም።

የምንኖረው አሳንሰር በሌለው ሕንጻ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ጎረቤት በዚህ ስቆ ጨርሷል። እማዬ፣ እሱና እኔ ነን። እኔ የሴቶች ጸጉር ቤት ውስጥ እሠራለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ቆሜ የሰው ጸጉር ሳፍታታ እውልና ደረጃውን እያማረርኩ እወጣለሁ። እሱ ደረጃውን አንድ ቀን አማርሮ አያውቅም።

ክፍሉ ውስጥ አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበርና ሦስት ኮምፒውተሮች አሉ። ሦስቱም መሥሪያ ቤቶች የጣሏቸው ናቸው። አንደኛው ሽፋን ስለሌለው ሆድ ዕቃው ተዘርግፎ ይታያል። ሁለተኛው እንደ ንብ ቀፎ ሲያጉረመርም ይውላል። ስክሪን ያለው ሦስተኛው ብቻ ነው። ጠፍተው አያውቁም፤ ስለሚሞቁም በብርድ ወራት የጸጉር ቤቱን ፎጣዎች እላያቸው ላይ አሰጣለሁ። ወንድም ጋሼ ሲያይ ፎጣውን በሁለት ጣቱ አንስቶ፣ አጣጥፎ አልጋው ላይ ያስቀምጥልኛል። ቁጣው ከዚህ አያልፍም።

ነገሩ የጀመረው ከስምንት ዓመት በፊት አንድ ኮሌጅ ውስጥ ነው። አምስተኛ ፎቅ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ አሳንሰር ሊጠግን ሄዶ፣ መለዋወጫ እስኪመጣለት ኮሪደሩ ላይ ይጠብቅ ነበር። በአንድ የተከፈተ በር በኩል ግድግዳ ላይ የሚታይ ስዕል አየ። ስዕሉ ይቀርባል። ይቀርባል፣ ይቀርባል፣ አያቆምም። የባሕር ዳርቻ የመሰለው ነገር ሲቀርቡት ሌላ ዳርቻ ይወጣዋል፤ የዚያ ዳርቻ አንዷ ወሽመጥ ደግሞ ስትቀርብ ራሷ ባሕር ትሆናለች። ወንድም ጋሼ መፍቻውን እንደያዘ በሩ ላይ ደርቆ ቀረ። የሒሳብ መምህርቷ ዞር ብላ አየችው።

«ምን ፈልገው ነው?» አለችው።

«ወለሉ የት ጋ ነው?»

«ወለልማ የለውም» አለችው፤ ወንበርም ሰጠችው።

ያስተማረችው እሷ ናት። ፍራክታል እንደሚባልም ያን ቀን ነገረችው። እኔ ከእሱ ሰምቼ ጸጉራቸውን የምሠራላቸውን ሴቶች አደነቁርበታለሁ፤ ለእናንተም ልንገራችሁ፣ ማባዛትና መደመር ብቻ ስለሆነ አትፍሩ። አንድ ቁጥር ትይዛላችሁ። በራሱ ታባዙትና ያንኑ የያዛችሁትን ትደምሩበታላችሁ። የወጣውን እንደገና በራሱ አባዝታችሁ፣ እንደገና ያንኑ የመጀመሪያውን ትደምራላችሁ። አንድን ብትይዙ ሁለት ይመጣል፤ ሁለት በሁለት አራት፣ አንድ ሲደመር አምስት፤ ቀጥሎ ሃያ ስድስት፤ ቀጥሎ ስድስት መቶ ሰባ ሰባት። ከዚያ ወዲያ የሚይዘው የለም፣ ይሸሻል። ከዜሮ በታች ያለውን አንድ ብትይዙ ግን ዜሮ ይመጣል፤ ከዜሮ ተመልሶ ከዜሮ በታች አንድ፣ ደግሞ ዜሮ። ዕድሜ ልኩን ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ አልጋ እንደሚል ሰው ነው፣ የትም አይሸሽም። ስክሪኑ ላይ ያለች እያንዳንዷ ነጥብ ምን ያህል ወደ ጎን፣ ምን ያህል ወደ ላይ እንደሆነች የሚናገር አድራሻ አላት፤ ቁጥሯ እሱ ነው። ሁለቱ ተጣምረው እንዴት እንደሚባዙ ግን እኔን አትጠይቁኝ። የማትሸሸዋን ነጥብ ጥቁር ትቀቧታላችሁ። የምትሸሸዋን ደግሞ በስንተኛው ዙር እንዳመለጠች ቆጥራችሁ ለዚያ ዙር የተመደበውን ቀለም ትሰጧታላችሁ። አለቀ።

ከዚህ የሚወጣው የተጋደመ ጥንዚዛ የሚመስል ጥቁር ነገር ነው። በቃ ጥንዚዛ ነው ብላችሁ ልትነሱ ትችላላችሁ፤ እኔ ተነስቼ ነበር። ጉዱ ያለው ዳሩ ላይ ነው። የሸሹትና የቀሩት የሚለያዩበት ድንበር ቀጥ ያለ መስመር የለውም። ጠጋ ሲሉት ጸጉር ያወጣል፤ ከጸጉሩ አንዷን ሲጠጓት ቅርንጫፍ ናት፤ በቅርንጫፏ ጫፍ ላይ የሚሽከረከሩ ጠመዝማዛ ክንዶች አሉ፤ በክንዶቹ መካከል ደግሞ፣ አሸዋ ቅንጣት አክላ፣ ያቺው ጥንዚዛ ከነጸጉሯ ተጋድማ ትጠብቃለች። ወርቃማው ወደ ሰማያዊ፣ ሰማያዊው ወደ ነጭ እየፈሰሰ፣ ሰው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ይወርዳል። እሁድ ከሰዓት መጋረጃው ገርበብ ብሎ፣ ጸጉሬን ታጥቤ፣ በሩን ተደግፌ ሳይ እግሬ ከወለሉ የተነሳ ይመስለኛል። መውደቅ ነው፣ ግን የሚጎዳ የለም። ወንድም ጋሼ የሠራው ፊልም ቆሞ ቀና ስል ደግሞ ግድግዳው ወደ ኋላ ሲሸሽ አየዋለሁ። ይህን ለእሱ ነግሬው አላውቅም፣ እንዳይኩራራብኝ።

ፊልም ይሠራል ማለት፣ አንዲት ነጥብ ይመርጣል ማለት ነው። የነጥቧ አድራሻ ሰማንያ አሃዝ አለው፤ አንዷ ከተሳሳተች ሌላ አገር ነው የሚደርሰው። ከዚያ ኮምፒውተሮቹ በሺ የሚቆጠሩ ስዕሎችን፣ እያንዳንዱን ካለፈው ትንሽ ቀረብ አድርገው፣ ነጥብ በነጥብ ሲያሰሉ ይከርማሉ። መጨረሻው ላይ የምትታየው ስዕል ስፋቷን እንደያዘች የመጀመሪያው ጥንዚዛ በዚያ ልክ ቢሳል፣ ምድርም ፀሐይም አይበቁትም። ይህ ሁሉ ወራት ሲፈጅ የሚወጣው ስድስት ደቂቃ ነው።

«ሰው በዚህ ጊዜ ቤት ሠርቶ ይጨርሳል» አልኩት አንድ ቀን።

«ቤት ወለል አለው» አለኝ።

እማዬ ወደዚያ ክፍል አትገባም ነበር፤ የማሽኖቹ ጩኸት ራሷን ያማታል። እሷ አርባ ዓመት ሙሉ ሳሎን መስኮት ሥር ተቀምጣ ዳንቴል ስትሠራ የኖረች ሴት ናት። ጫፏ በተቆለመመች ቀጭን መርፌ ከመሃል ትጀምርና ዙሪያውን እያሰፋች ትሄዳለች። የሰፈሩ ግማሽ ጠረጴዛ የእሷን ሥራ ለብሷል። አምና ግን ጠርዙ ላይ ስትደርስ የክር ቀለበት መዝለል ጀመረች። ከበር ጋር ትጋጫለች፤ አጠገቧ የተቀመጠ ብርጭቆ ትደፋለች፤ ሰው በጎኗ ሲመጣ ትደነግጣለች። ሐኪም ዘንድ ወሰድናት።

የዓይን ሐኪሟ እየተጠነቀቀች ነገረችን። የዓይኗ ግፊት ነርቩን ጎድቶታል። የጠፋው አይመለስም፤ ጠብታውም የሚያደርገው ጥቂት ማዘግየት ብቻ ነው። «የሚዘጋው ከዳር ወደ መሃል ነው» አለች። «አሁን የቀረቻት መሃሏ ናት። ቁርጡን የሚያውቅ የለም፤ ሦስት ወር ገደማ ብላችሁ ተዘጋጁ።» እማዬ እጇን ወደ ፊት ዘርግታ፣ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ ክብ ሠርታ አሳየቻት። በክንድ ርቀት የብርጭቆ አፍ የምታክል ቀዳዳ ነበረች። ሐኪሟ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። እኔ የዚያን ቀን ደረጃውን ሳማርር አልወጣሁም፤ እያለቀስኩ ነው የወጣሁት።

ወሬው ሲሰማ ዘመድ ሁሉ ስልክ መደወል ያዘ። አንዱ ባሕር እናሳያት ይላል፣ ሌላው የሠርግ ፎቶ ልላክ ይላል። እማዬ ሁሉንም አመስግና ስልኩን ዘጋችና ወደ ወንድም ጋሼ ዞረች።

«እኔስ ያን የምትወርድበትን ነው ማየት የምፈልገው። ስምንት ዓመት ሙሉ ያየሁት ጀርባህን ነው። ፊትህ የት እንዳለ አንድ ጊዜ ልየው።»

ወንድም ጋሼ እንደ ልጅ ቀላ። የቆዩትን ፊልሞች ሊያሳያት ይችል ነበር፤ እሱ ግን ለእሷ የሚሆን አዲስ ቦታ ፈለገ። አንድ ሳምንት ሲፈልግ ከርሞ አገኘ። ወደ መሃሉ ሲወርዱ በመጀመሪያ ሁለት ክንዶች ይዞራሉ፤ ጠለቅ ሲሉ አራት ይሆናሉ፤ ከዚያ ስምንት፣ ከዚያ አሥራ ስድስት። ልክ ዳንቴል ዙሩ በሰፋ ቁጥር ቀለበቱ እንደሚበዛው ነው። ልዩነቱ እዚህ የሚበዛው ወደ ውስጥ ሲገባ መሆኑ ነው። በትንሹ ሞክሮ አንዴ ብቻ አየውና ዘጋው፤ ቀሪውን ከእሷ ጋር ሊያየው ለራሱ ቃል ገባ። ስዕሎቹን ለሦስቱ ማሽኖች አከፋፈለ። ስልሳ ሁለት ቀን ይፈጃል አለ። እኔ በጣቴ ቆጠርኩ። ይደርሳል።

እነዚያን ቀናት የኖርነው በጆሯችን ነው ማለት ይቻላል። ማሽኖቹ ሲያጉረመርሙ ልባችን ያርፋል፣ ዝም ሲሉ ሦስታችንም ብድግ እንላለን። ፎጣዬን ወደ ኩሽና አዛወርኩ። እማዬ አንዳንድ ጊዜ በሩ ላይ መጥታ «ስንት ላይ ደረሱ?» ትላለች። «መቶ አርባ ስዕል ዛሬ» ይላታል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብላ ግድግዳውን እየዳሰሰች ትመለሳለች።

በስልሳ ሦስተኛው ቀን፣ እሁድ፣ ምሳ በላን። መጋረጃው ተዘጋ። እማዬን ስክሪኑ ፊት አስቀመጥናት፤ ጸጉሯን ራሴ ሠርቼላት ነበር። ወንድም ጋሼ ቁልፉን ተጫነ።

ጥንዚዛዋ መጣች። እማዬ «እህ» አለች። ዳርቻው ሲከፈት፣ ጸጉሩ ቅርንጫፍ ሲሆን፣ ትከሻዋ ቀስ እያለ ወረደ። ሌላ ስዕል ብትሰጧት ዓይኗን እያንከራተተች ቁርጥራጭ ትለቅማለች። ይኼኛው ግን የሚመጣላት ራሱ ነው፤ ያለው ነገር ሁሉ ወደ መሃል፣ ወደ እሷ ቀዳዳ ይመጣል። «ሁለት» አለች። ወርቅና ሰማያዊ እየፈሰሰ ቆየ። «አራት።» ድምጿ እንቅልፍ ሊወስደው ያለ ልጅ ድምፅ ነበር። «ስምንት። አየኸው አይደል፣ ስምንት ነው! አሁን አሥራ ስድስት ሊሆን…»

መሃሉ ላይ ጥቁር ነጥብ ብቅ አለች። እኔ የታችኛዋ ጥንዚዛ መሰለችኝ። ነጥቧ ሰፋች፣ ክብ ሆነች፣ ክንዶቹን እየዋጠች ወደ ዳር ሄደች። ጥቂት ቆይቶ ስክሪኑ ሙሉ ጥቁር ሆነ። ወንድም ጋሼ አንገቱን ሰበር አድርጎ አየ። 

«በቃ» አለች እማዬ ቀስ ብላ። እጆቿን ጭኗ ላይ ሰበሰበች። «እግዜር ይስጥህ ልጄ። ስምንት ድረስ አየሁ። አሥራ ስድስት ላይ ሳልደርስ መሸብኝ፤ ምንም አይደል። እናንተ ጨርሱት፣ እኔ እሰማችኋለሁ።»

ያለችው የገባኝ ዘግይቶ ነው። ሲገባኝ ክው አልኩ። «እማዬ! ዓይንሽ አይደለም! የጨለመው ስክሪኑ ነው!» ፊቷ ተንበርክኬ ጣቶቼን ዘረጋሁላት። «ይኼ ስንት ነው?»

ጣቶቼን አየቻቸው። «ሦስት» አለች። «ቀለበትሽን የት ጣልሽው?»

ከዚያ በኋላ የተናገርኩትን ሁሉ አልጽፈውም። ወደ ወንድም ጋሼ ዞሬ የስምንት ዓመቱን አወረድኩበት። እሱ አልሰማኝም፤ ቁጥሮቹን እያየ ነበር። ማሽን ለዘላለም አይቆጥርም፤ «ይህን ያህል ዙር ጠብቀህ ካልሸሸች፣ አትሸሽም በልና ጥቁር ቀባት» ተብሎ ይታዘዛል። ለመሞከሪያው ብዙ ዙር ሰጥቶት ነበር። ሥራውን ለሦስቱ ሲያከፋፍል ግን ካለፈው ፊልም የተረፈውን አምስት ሺ ዙር ሳይቀይር ትቶታል። እዚያ ታች ደግሞ ነጥቦቹ የሚሸሹት ዘግይተው ነው፤ ሃያ ሺ፣ ሠላሳ ሺ ዙር ቆይተው።

«ጥቁሩ ውሸት ነው» አለ። «ነጥቦቹ አልቀሩም። ሳይጠበቁ ነው ጥቁር የተቀቡት።»

«ታዲያ አስቀድመህ አታይም ነበር?»

«እሷ ሳታይ አላይም ብዬ ነው።»

ይኼ አሳንሰር ሲያስረክብ ሰው ከመጫኑ በፊት ራሱ እስከ ታች የሚወርድ ሰው ነው! ለሰው ሕንጻ ያደረገውን ለእናቱ ሳያደርግ ቀረ፣ ያውም ከፍቅር ብዛት። ቅስሙ ተሰብሮ ሳየው ቁጣዬ ከየት መጥቶ የት እንደገባ አላውቅም፤ አንጀቴን በላው።

እማዬ ግን ሳቀች። መጀመሪያ በአፍንጫዋ፣ ከዚያ ትከሻዋ እስኪናጥ። «እኔኮ ዓይኔን ስረግመው ነበር! አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ!» ሳቋን ስትጨርስ እንባዋን ጠረገች። «እንደገና ለመሥራት ስንት ቀን ነው?»

«የታችኛውን ብቻ ቢሆንም አርባ ቀን።»

ከሐኪሟ ሦስት ወር የቀረው ሃያ ቀን አይሞላም ነበር። ሁላችንም አውቀነዋል። 

እማዬ እጇን ዘርግታ ስክሪኑን ከዳር እስከ ዳር ዳበሰችው። ከዚያ መሃሉ ላይ በሁለት ጣቷ ክቧን ሠርታ አስቀመጠችው። «እስቲ ለወንድም ጋሼሽ ንገሪው፣ እኔ ከዚህ ሁሉ የማያት ይቺን ታክላለች ወይስ ትበልጣለች?» አለችኝ።

«ይቺኑ ታክላለች» አልኩ።

«ታዲያ ለማላየው ዳር ምን አደከመው? አንድ ብርጭቆ ማስቀመጫ ላዘዘሽ ሰው የጠረጴዛ ልብስ ትሠሪለታለሽ?»

 «ጎዶሎ ነገር አላሳይሽም፣ እማዬ» አላት ወንድም ጋሼ።

«አሳየኝና እኔ ልፍረድ።»

ማስመሪያ አምጥቶ ለካ። ወርዱ የስክሪኑ አምስተኛ ነው፤ ቁመቱም እንደዚያው ቢሆን ሥራው ሃያ አምስተኛ ይሆናል። አርባን ለሃያ አምስት አካፈለ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁት። «አንድ ቀን ተኩል» አለ፤ «ትንሽ ፈቀቅ ቢል ነው።» ያን ጊዜ ዙሩን ወደ ስልሳ ሺ አወጣው፣ አንድ ሰዓት ሙሉ እያንዳንዱን ቁጥር በጣቱ እየነካ አረጋገጠ፣ መጀመሪያም የመጨረሻዋን ስዕል ብቻ አሰልቶ ራሱ አያት። ምን እንዳየ ጠየቅሁት፤ አልነገረኝም፣ ፊቱ ግን ተፈቷል።

ማክሰኞ ከሰዓት ከሥራ ፈቃድ ወስዶ ተቀመጠ። እኔም ደንበኞቼን ለሌላ ሰው ሰጥቼ መጣሁ። ሦስት ወንበር ደረደርን። ስክሪኑ ጨለማ ነው፤ መሃሉ ላይ ብቻ የብርጭቆ አፍ የምታክል ክብ መስኮት በራች።

ወረድን። ክፍሉ ጠፋ። ክፍሉ ውስጥ ያለው ብርሃን እሷ ብቻ ስለሆነች ሌላ የሚታይ አልነበረም፤ ወርቃማው ጭጋግ ይከፈታል፣ ሰማያዊው ይገለጣል፣ ክንዶቹ እየዞሩ አልፈውን ወደማናየው ይሄዳሉ። «ሁለት» አለች እማዬ። «አራት። ስምንት።» እጄን ያዘችኝ። ክቡ መሃል ነጭ ክር የመሰለ ነገር ፈካ፣ ተሰነጠቀ፣ ተዘረጋ። «አሥራ ስድስት» አለች በሹክሹክታ። ወንድም ጋሼ ትንፋሹን ለቀቀ። ሠላሳ ሁለት ሲሆን ቆጥራ አልጨረሰችም፤ የዳንቴል ጠርዝ የመሰለ ጥቃቅን ቀለበት በቀለበት ላይ ሆነ። መካከሉ ላይ ጥንዚዛዋ ከነጸጉሯ ተጋድማ መጣችና ፊልሙ ቆመ።

«ይቺማ መጀመሪያ ያየናት ናት» አለች እማዬ።

«እሷ ራሷ አይደለችም፤ ትመስላታለች እንጂ» አላት። «በታችም ሌሎች አሉ።»

 የእማዬ ዓይን ከዚያ ቀን በኋላ የቆየው ሃያ ሦስት ቀን ነው። ያን ዕለት ግን ክቧ ውስጥ ያለውን ሁሉ አይታ ወደ እኔ ዞረች።

«እስቲ አንቺ ንገሪኝ» አለች። «እኔ ያላየሁት ምን አየሽ?»

ዋሽቼ እንዳላስደስታት ፈርቼ ስክሪኑን ደግሜ አየሁ። ግራውን፣ ቀኙን፣ ላዩን፣ ታቹን ፈለግሁ። ጨለማ ብቻ ነው።

«ምንም፣ እማዬ» አልኳት።

«አንተስ?»

«እኔም ይኼንኑ ነው ያየሁት» አላት ወንድም ጋሼ።

«እንግዲያው እኩል አየን» አለች።